ከካብ ሥር የወጣው ቀጭን ነገር ትል ነው፣ እንሽላሊት ነው፣ እባብ? ቻርቱ ላይስ የት ይግባ?

ሰናይት_ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ ክበብ ስለ ደንደሴዎች፣ ማለትም አከርካሪ ስላላቸው እንስሳት፣ የግድግዳ ቻርት እየሠራ ነው። ቦርከና አጠገብ ካለ ጓሮ አሮጌ ካብ ሲፈርስ ከታችኛው ድንጋይ ሥር፣ እርጥብ አፈር ውስጥ አንድ ነገር ተገኘና ሥራው ቆሞ ክርክር ሆነ።

ርዝመቱ በማስመሪያ 16 ሳንቲ ሜትር። ውፍረቱ የቢክ እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን የቀለም ቱቦ ያህላል። ቡናማ ሆኖ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ራሱና ጭራው እኩል ድፍን ስለሆኑ የቱ የት እንደሆነ ያምታታል። በአንደኛው ጫፍ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ትንሽዬ እሾህ ብጤ። አሁን ከአፈሩ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ነው።

አንደኛ፣ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ቻርቱ ላይ ከገበሎ አስተኔ ሥር አራት ሣጥን ሠርተናል፤ ኤሊ፣ አዞ፣ እንሽላሊት፣ እባብ። ልክ ነው ወይ?

የቦርከና_ልጅ | 3:31

ኧረ ተጠንቀቁ! ባለ ሁለት ራስ እባብ የሚባለው እሱ ነው። ጭራው ላይ ያለችው እሾህ መርዝ አላት ይባላል።

ጦሳ_ግርጌ | 4:02

አብሽሪ ሰናይት፣ እሾኋ መርዝ የላትም። አፈር ውስጥ ሲገፋ መሬት የሚቆነጥጥባት ናት። በእጅ ሲያዝ ቆዳን ጫር ስለምታደርግ ነው ወሬው የመጣው።

መጀመሪያ ትሉን ከጨዋታ እናውጣ። የምድር ትል ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለበት የተከፋፈለ ነው፤ ቆዳው ርጥብና የሚያሟልጭ ነው፤ ሲሄድ እየተሰበሰበ እየተለጠጠ ነው። የእናንተው ደረቅ ከሆነና ግራ ቀኝ እየተጥመለመለ ከሄደ ውስጡ አከርካሪ አለ ማለት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ጥቁር ነጥቦቹ ያሉበትን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሁለት ደቂቃ ጠብቁት። ጫፏ የተሰነጠቀ ምላስ ብልጭ ካለች የትሉ ጉዳይ አለቀ።

ከባዱ እግር አልባ እንሽላሊት ነው ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው «እግር የለውም፣ እባብ ነው» ይላል። እንሽላሊቶች ግን በየአህጉሩ፣ በየራሳቸው መንገድ ከ20 ጊዜ በላይ እግራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ እግርን ተውትና እነዚህን እዩ። እንሽላሊት አብዛኛው ዓይኑን ይከድናል፣ ይገልጣል፤ እባብ ቆብ የለውም፣ ዓይኑ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ተለጥፎበታል። እንሽላሊት ከዓይኑ ኋላ አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ቀዳዳ አለው፤ እባብ ፈጽሞ የለውም። ጭራውን ደግሞ ከመጸዳጃ ስንጥቁ ጀምራችሁ ለኩ፤ እግር አልባ እንሽላሊት ብዙ ጊዜ ረጅም ጭራ አለው፣ አንዳንዱ ከገላው ይረዝማል፤ ሲይዙትም ቆርጦ ጥሎላችሁ ይሄዳል። የእባብ ጭራ ከቀሪው አካሉ ጋር ሲተያይ አጭር ነው።

አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ግድግዳ ላይ የምትሮጠው ጌኮም የዓይን ቆብ የላትም፤ እባብ አይደለችም። ሦስቱን አንድ ላይ ነው ማየት።

ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። አፈሩ ርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር፤ ክዳኑ በመርፌ ይበሳ፤ ከአንድ ቀን በላይም አታቆዩት።

ሐረጎ22 | 4:20

ወንድሜ ጦሳ ግርጌ፣ ዋናውን ዘለልከው። እባብ ሆዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ አንድ ረድፍ ሰፊ ቅርፊት አለው፤ እንሽላሊት ግን ሆዱ ላይ ትናንሽ ቅርፊቶች በብዙ ረድፍ። ይህን አይቶ መለየት ይቀላል፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጦሳ_ግርጌ | 4:34

አልዘለልኩትም፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እፉኝትን፣ ኮብራን፣ የቤት እባብን ብታመጣልኝ የሆድ ቅርፊቱ ከሁሉ ይበልጣል። ሰናይት የገለጸችው ግን ዕውር እባብ ከሚባሉት ይመስላል። እነሱ ሆዳቸውም ጀርባቸውም አንድ ዓይነት ትናንሽ ቅርፊት ነው፤ ሰፊ የሆድ ቅርፊት የላቸውም። ባንተ መለያ ብንሄድ ከእባብ ዝርዝር ልናስወጣቸው ነው።

ሐረጎ22 | 4:41

እና መለያው ከሌላቸው ምን እባብ ያሰኛቸዋል?

ጦሳ_ግርጌ | 5:10

አጥንታቸው። የትከሻ አጥንት የላቸውም፣ የፊት እግር ምልክት የላቸውም፣ የዓይን ቆብና የጆሮ ቀዳዳ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ግን ሥጋቸው ውስጥ የተቀበረ የዳሌ አጥንት ቅሪት አላቸው። ዲ.ኤን.ኤያቸው ሲነበብም ከእባቦች ግንድ ቀድመው የተገነጠሉ ቅርንጫፎች ሆነው ነው የሚገኙት። ሰፊው የሆድ ቅርፊት በምድር ላይ ለሚሳብ እባብ ጎማ ማለት ነው፤ አፈር ውስጥ ለሚቦረቡር ደግሞ ዙሪያውን እኩል መሆን ይሻለዋል።

ዕውር የሚባሉትም ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ዓይናቸው ከቅርፊት ሥር ስለተቀበረ ነው ነጥብ ብቻ የሚታየው።

ቧንቧ_ውሃ | 5:48

ወደ ቻርቱ ልምጣ። ሰናይት፣ ሣጥኖቹ አራት መሆናቸው ልክ ነው፤ አራቱ ግን እነዚህ አይደሉም።

በሕይወት ያሉ ገበሎ አስተኔዎች በአራት ክፍለ መደብ ይመደባሉ። አንዱ ኤሊዎች ነው፣ አንዱ አዞዎች። ሦስተኛው ቱዋታራ የሚባል፣ ኒው ዚላንድ ውስጥ ብቻ የቀረ አንድ ዝርያ። አራተኛው ስኳማታ ይባላል፤ እንሽላሊትም እባብም እዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሙሉ አድራሻው ከላይ ወደ ታች ሲጻፍ፦ ስፍን እንስሳ፣ ክፍለ ስፍን አምደስጌ፣ ንዑስ ክፍለ ስፍን ደንደሴ፣ መደብ ገበሎ አስተኔ፣ ክፍለ መደብ ስኳማታ፣ ንዑስ ክፍለ መደብ ሰርፐንቴስ። ሰርፐንቴስ ማለት እባቦች ነው። ከዚያ በታች ቤተሰብ፣ ወገን፣ ዝርያ እያለ ይወርዳል። ስኳማታ በሙሉ ከ11,000 ዝርያ በላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ እባብ 4,000 ገደማ።

አሁን ዋናው ነገር። እንሽላሊትን በአንድ ሣጥን፣ እባብን ጎኑ ባለ ሌላ ሣጥን ማድረግ ሁለት ወንድማማች ያስመስላቸዋል። አይደሉም። እባብ ከእንሽላሊቶች ዛፍ መካከል የበቀለ አንድ ቅርንጫፍ ነው። አርጃኖና እስስት ከጌኮ ይልቅ ለእባብ ይቀርባሉ። ሰባት ቤት ስትቆጥሩ ከአንድ አያት የወረዱትን ሁሉ ጽፋችሁ፣ አንዱን የልጅ ልጅ እግር ስለሌለው ብቻ ከዘር ሐረጉ እንደ መሰረዝ ነው። በዚህ ሒሳብ እባብ የእንሽላሊት ዓይነት ነው ቢባል ስሕተት የለውም።

ጋሽ_ሸዋበር | 6:05

ይህማ ጉድ ነው። አርጃኖና እባብ ይቀራረባሉ የሚለውን ሹካ ምላሳቸውን ላየ ይገባል። እስስት ግን ምኗ ከእባብ ጋር? እስቲ አስረዱን።

ቧንቧ_ውሃ | 6:30

ጋሼ፣ አንቱ የጠየቁት ነገር ሳይንቲስቶቹንም ያጨቃጨቀ ነው። አጥንትን ብቻ እያወዳደሩ የሠሩት ዛፍ እስስትንና ገበሎን ከሁሉም ቀድመው የተለዩ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጣቸው። በእ.ኤ.አ. 2005 ዓ.ም. ግን ዲ.ኤን.ኤንና የመርዝ ዕጢን አንድ ላይ ያዩ ጥናቶች እባብን፣ አርጃኖና ዘመዶቹን፣ እስስትና ገበሎን በአንድ ጎራ አስገቧቸው፤ ስሙም ቶክሲኮፌራ ተባለ፣ መርዝ ተሸካሚ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተነበበው የዲ.ኤን.ኤ መረጃ ጎራውን ደጋግሞ አጽንቶታል። የሚያከራክረው የመርዙ ነገር ነው፤ የጋራ አያታቸው በእርግጥ መርዝ ነበረው ወይ የሚለውን ሁሉም አይቀበለውም። ጎራውን ተቀብሎ ታሪኩን መጠራጠር ይቻላል፣ እኔም እዚያ ነኝ።

እስስትና እባብ በመልክ የማይገናኙት ሁለቱም ከአያታቸው በጣም ስለራቁ ነው፤ አንዷ ለዛፍ፣ አንዱ ለመሳብ። መመሳሰልና መዛመድ ለየቅል ነው። አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል ብልዎትስ?

ጋሽ_ሸዋበር | 6:33

ዶሮዋን ተዋት፣ ለበዓል ትበቃናለች።

ሐረጎ22 | 7:15

የድሮው ምደባ ከዚህም የባሰ ነበር። ካርል ሊኒየስ በእ.ኤ.አ. 1758 መጽሐፉ እባብን፣ እንሽላሊትን፣ ኤሊንና እንቁራሪትን በአንድ መደብ አምፊቢያ ብሎ ጨፍልቋቸዋል። ሰርፐንቴስ በሚለው ሥር ደግሞ እግር የሌለውን ሁሉ ሰበሰበ፤ እግር አልባ እንሽላሊትንም፣ ከእንቁራሪት ወገን የሆነውን ሴሲሊያንንም። ሰናይት ጓሮ ውስጥ የተነሳው ክርክር እንግዲህ ከ260 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንሽላሊትንና እባብን አንድ ላይ አድርጎ ስኳማታ ያላቸው ኦፔል ነው፣ በእ.ኤ.አ. 1811።

ሴሲሊያን በአገራችንም አለ፤ በደቡብ ምዕራብ ደን ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። ቅርፊቱ ከላይ አይታይም፣ ቆዳው ርጥብ ነው፣ ቀለበት ቀለበት አለው። ወሎ ላይ አትጠብቁት።

አዝዋ_ገደል | 8:40

ስለ እግሩ ትንሽ ልጨምር፤ ተማሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እሱን ነው። ዘንዶ፣ ማለትም የተረቱ ዘንዶ ሳይሆን ፓይተን የሚባለው ትልቁ እባብ፣ ከመጸዳጃ ስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ጥፍር መሰል ነገር አለው። የኋላ እግር ቅሪት ነው። ወንዱ ላይ ይጎላል፤ በስሪያ ጊዜ ሴቷን ይኮረኩርበታል። ከአርጀንቲና የተቆፈረውና በእ.ኤ.አ. 2006 ናጃሽ ተብሎ የተሰየመው ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው እባብ ደግሞ ከሰውነቱ የወጣ የኋላ እግር ነበረው።

እግሩ እንዴት ጠፋ ለሚለው፣ በእ.ኤ.አ. 2016 የወጣ ጥናት አለ። እግር እንዲያድግ የሚያዝዝ ዘረ መል መቼና የት ይሥራ የሚለውን የሚወስን አንድ የዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ አለ፣ ዜድ አር ኤስ ይባላል። በእባብ ላይ ተበላሽቶ ተገኘ። የአይጥን ቁራጭ አውጥተው በእባብ ሲተኩት አይጧ እግሯ ጉማጅ ሆኖ ተወለደች። ዘረ መሉ ራሱ አልጠፋም፤ ሌላ ሥራ ስላለው። የጠፋው ማብሪያ ማጥፊያው ነው።

ከእግሩ መጥፋት ጋር ሌላም ተለውጧል። ሰው 33 የአከርካሪ አንጓ አለው፤ እባብ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400። ግራ ሳንባው በአብዛኛው አንሶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ቀኙ ብቻ ይረዝማል። ኩላሊቶቹ ጎን ለጎን ሳይሆኑ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይቀመጣሉ። ቻርቱ ላይ የውስጥ አካል የምትስሉ ከሆነ የሰውን አሳሳል ገልብጣችሁ እንዳታስረዝሙት።

ሰናይት_ኮምቦልቻ | 9:05

በጣም አመሰግናለሁ። ምላሱ ታየ፤ የተሰነጠቀ ነው። የጆሮ ቀዳዳ የለም፣ ዓይኑም አይከደንም። ጭራው ከ16ቱ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ እባብ ነው። የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነስ በምን እናውቃለን? በቻርቱ ላይ ደግሞ እባቦችን «መርዛማ» እና «መርዝ የሌለው» ብሎ መክፈል ይቻላል?

ጦሳ_ግርጌ | 9:50

በመርዝ መክፈልን ተዉት፤ ዝምድናን አያሳይም። በጥርስ አቀማመጥ ማየት ጥሩ መግቢያ ይሆናል፣ ግን እሱም ምደባ አይደለም። በአገራችን ያሉትን ብንወስድ፦

እፉኝቶች ከፊት የሚታጠፍ፣ ረጅም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የመርዝ ጥርስ አላቸው፤ አፍ ሲዘጋ ወደ ላንቃ ይተኛል፣ ሲከፈት ይቆማል። ኮብራና ጥቁር ማምባ ኤላፒዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ጥርሳቸው ከፊት ነው፣ አጭርና የማይታጠፍ። ቡምስላንግ የሚባለው የዛፍ እባብ ኮሉብሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ የመርዝ ጥርሱ ወደ ኋላ ከዓይኑ ሥር ገደማ ነው። ከኋላ ነው ተብሎ እንዳይናቅ፤ ታዋቂው የእባብ ሊቅ ካርል ሽሚት በእ.ኤ.አ. 1957 ቺካጎ ውስጥ የሞተው በአንድ ትንሽ ቡምስላንግ ንክሻ ነው፤ ያውም አንድ ጥርስ ብቻ ነው በደንብ የገባው። ዘንዶና የቤት እባብ የመርዝ ጥርስ የላቸውም፤ ግን እርስ በርሳቸው ሩቅ ናቸው። የቤት እባብ ከዘንዶ ይልቅ ለኮብራ ይቀርባል። በመርዝ የከፈለ ሰው ይሄ ያመልጠዋል።

አንዱን ለብቻው ልጥቀሰው። አትራክታስፒስ የሚባል፣ ትንሽ፣ ጥቁር፣ አፈር ውስጥ የሚኖር እባብ በቆላችን አለ። አፉን ሳይከፍት አንዷን ጥርስ በጎን አውጥቶ ወደ ኋላ ይወጋል። ሌላውን እባብ ከራሱ ኋላ አንገቱን የሚይዙ ባለሙያዎች እሱን እንዲያ መያዝ አይችሉም፤ ጣትን ያገኛታል። ራሱ ከአንገቱ አይሰፋም፣ ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ከሩቅ ዕውር እባብ ይመስላል። ካብ ስታፈርሱ እስክሪብቶ የሚያክል ወይም ከዚያ የሚወፍር ጥቁር ነገር ካገኛችሁ በእጅ አይነካ። የእናንተው የቀለም ቱቦ የሚያክል ስለሆነ ነው ደፍሬ አጉሊ መነጽር አምጡ ያልኩት።

የቦርከና_ልጅ | 10:12

መርዛማው እኮ በራሱ ይታወቃል። ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ፣ ክብ ከሆነ ሰላማዊ።

አዝዋ_ገደል | 10:25

ይህ አባባል ስንቱን ያሳስታል! ማምባ፣ ኮብራና አትራክታስፒስ ራሳቸው ቀጭን ነው። እንቁላል በል የሚባለው ዳሲፐልቲስ ደግሞ ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ሲፈራ ራሱን ጠፍጣፋ አድርጎ ሦስት ማዕዘን ያስመስለዋል፣ የጎን ቅርፊቶቹን እያፋተገ እንደ እፉኝት ያስፏጫል። ካውሰስ የሚባለው የሌሊት እፉኝት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እፉኝት ሆኖ ራሱ ከአንገቱ ብዙም የማይሰፋ፣ የዓይኑ ብሌን ክብ፣ በራሱ ላይ ያለው ቅርፊት እንደ ተራ እባብ ትልልቅ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፣ ግን ልጡን እባብ ከማለት እባቡን ልጥ ማለት የከፋ ነው።

ጋሽ_ሸዋበር | 10:50

እፉኝትን ካነሳችሁ፣ «የእፉኝት ልጅ» የሚባለው ስድብ እናቱን ሆዷን ቀዶ ይወጣል ከሚል ነው። እውነት አለው?

ጦሳ_ግርጌ | 11:08

ጋሼ፣ መነሻው የታየ ነገር ነው፤ ድምዳሜው ነው የተሳሳተው። ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ። ትልቋ እፉኝት፣ ባይቲስ አሪየታንስ፣ ግን እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ቆይታ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40። ቼክ አገር ባለ መካነ እንስሳት አንዷ 156 ወልዳለች። ሰው ነፍሰ ጡሯን መትቶ ገድሎ ሆዷ ሲቀደድ ልጆቿ ሲፈስሱ ያያል፤ ወይም ከሞተች እናት አጠገብ ልጆቿን ያገኛል። ከዚያ ልጆቹ ገደሏት ይባላል። እናቲቱ በሰላም ከወለደች ወዲያው ጥላቸው ትሄዳለች፣ እነሱም ከመጀመሪያው ቀን መርዝ አላቸው።

ግን ይህንንም ለምደባ አትጠቀሙበት። የሌሊት እፉኝቷ እፉኝት ሆና እንቁላል ትጥላለች።

አስተዳዳሪ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:00

ክሩን ለሚያነቡ ሁሉ፦ የሞተ እባብም በእጅ አይነካ። የተቆረጠ ራስ ሳይቀር ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊናከስ ይችላል። ሰው ከተነከሰ ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ የተነከሰው እግር ወይም እጅ እንደ ስብራት በእንጨት ይደገፍ፣ ሰውየው አይሂድ፣ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። በገመድ ማሠር፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጊዜ ያባክናል፤ ማሠሩ ደግሞ እግር ያስቆርጣል። እባቡን አታሳድዱ፤ ከሩቅ ፎቶ ከተገኘ ይበቃል። የምትተፋ ኮብራ ዓይን ላይ ከተፋች በብዙ ንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ቧንቧ_ውሃ | ረቡዕ፣ 2:45

ወደ ሰናይት እባብ ስንመለስ፣ ቀጭን ዕውር እባቦች በአገራችን በዋናነት ሁለት ቤተሰብ ናቸው። ቲፍሎፒዴ ጥርሱ ላይኛው መንጋጋ ላይ ብቻ ነው፤ ሌፕቶቲፍሎፒዴ ታችኛው ላይ ብቻ። አፉን ለመክፈት ግን እንዳትሞክሩ፤ መንጋጋው ይሰበራል። ቅርፊቱን ቁጠሩ።

አሠራሩ ይህ ነው። የለስላሳ መጠጥ ስትሮ፣ ያውም የጠራውን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አንዱን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ አስገቡለት። ጠባብ ስለሚወድ ራሱ ይገባል። ሁለቱንም ጫፍ በትንሽ ጥጥ ድፈኑ፣ አየር ያሳልፋል። ከዚያ ራስና ጭራውን ትታችሁ ልክ መሐል ገላው ላይ፣ ስትሮውን እያዞራችሁ ዙሪያውን ስንት ቅርፊት እንዳለ ቁጠሩ። ሌላ እባብ ላይ የሆድ ቅርፊቱ ተትቶ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን በሰያፍ ነው የሚቆጠረው፤ ትልቋ እፉኝት በዚያ አቆጣጠር ከ29 እስከ 41፣ ዘንዶ ከ76 እስከ 99 ይሆናሉ። ዕውር እባብ ላይ የተለየ የሆድ ቅርፊት ስለሌለ ክቡ በሙሉ ይቆጠራል። 14 ከሆነ ሌፕቶቲፍሎፒዴ ነው። ቲፍሎፒዴ አብዛኛውን ጊዜ 18ና ከዚያ በላይ ነው።

የሚያሳስተው ብርሃን ነው። መብራቱ ከላይ ከሆነ ቅርፊቱ ስለሚያብለጨልጭ አንዱ ሁለት ይመስላል፤ የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ሌላው መነሻን መርሳት ነው፤ ስትሮው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አስምሩና ከሱ ጀምሩ። ሦስት ሰው ለየብቻ ይቁጠር። እዚያ ውስጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይ።

ሰናይት_ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ 5:20

ሦስት ልጆች ቆጠሩ። 14፣ 16፣ 14። ባለ 16ቱ ወደ ራሱ ጠጋ ብሎ ነው የቆጠረው።

ቧንቧ_ውሃ | ረቡዕ፣ 5:26

በቃ ምክንያቱ እሱ ነው። ጫፎቹ ላይ የረድፉ ቁጥር ይለወጣል፤ ጭራው ላይ ብትቆጥሩ ደግሞ 10 ወይም 12 ነበር የምታገኙት። መሐሉን የቆጠሩት ልክ ናቸው። ሌፕቶቲፍሎፒዴ፣ ክር እባብ በሉት። እስከ ዝርያ ለመውረድ የራሱን ቅርፊቶች በማይክሮስኮፕ ማየት ስለሚያስፈልግ ቻርቱ ላይ ቤተሰቡን ጽፋችሁ አቁሙ።

ሐረጎ22 | ረቡዕ፣ 5:40

እሺ፣ በሆድ ቅርፊቱ ተሸንፌያለሁ። ለቻርቱ ግን አንድ ሐሳብ። ሣጥኑን ትታችሁ ዛፍ ሳሉ። ግንዱ ስኳማታ፤ ከታች መጀመሪያ ጌኮዎች ይገንጠሉ፤ ከፍ ብሎ ግንዱ ለሦስት ይከፈል፤ አርጃኖና ዘመዶቹ፣ እስስትና ገበሎ፣ እባቦች። ከእባቦቹ ቅርንጫፍ ሥር መጀመሪያ ዕውር እባቦችን አውጡ፣ ከዚያ ዘንዶን፣ ከዚያ እፉኝቶችን፣ ጫፉ ላይ ኮሉብሪዴን፣ ኤላፒዴንና የቤት እባብን አስቀምጡ። ኤሊ፣ አዞና ቱዋታራ ከግንዱ ውጭ በየራሳቸው። ቦታ ከተረፋችሁ የአገራችንን ብቻ ጻፉበት፤ በእ.ኤ.አ. 1977 የተሰየመችውን የደቡብ ምዕራቧን የተራራ እፉኝት፣ በእ.ኤ.አ. 2016 ደግሞ ከባሌ ሐረና የተሰየመችውን ዘመዷን። ለእኛ ለደጋዎቹ ሱዶቦዶን የሚባለውን የእባብ ወገን አትርሱ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የለም።

አዝዋ_ገደል | ረቡዕ፣ 5:52

ከፍታውንም በጎን አስምሩበት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። የሐረጎን ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። እባብ ሙቀቱን ከውጭ ስለሚያገኝ ወደ ባቲ በወረዳችሁ ቁጥር የዝርያው ዓይነት ይበዛል፣ ወደ ጦሳ በወጣችሁ ቁጥር ይቀንሳል።

ሰናይት_ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ 6:10

ዛፉን እንስለዋለን። እባቡንስ የት እንልቀቀው? ካቡ ፈርሷል።

ጦሳ_ግርጌ | ረቡዕ፣ 6:18

እዚያው ጓሮ፣ ጥላ ያለበት ዳር ላይ። የሚበላው የምስጥና የጉንዳን እጭና እንቁላል ስለሆነ ኩይሳ ወይም የጉንዳን ቤት አጠገብ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ ማታ፣ አፈሩ ሲበርድ፣ ጠርሙሱን አጋድሙና ከአፈሩ ጋር አፍስሱት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይቀበራል። ከካቡ ድንጋዮች ሁለት ሦስቱን ላዩ ላይ መልሱለት።